ጣፎ ላይ የጣፍኩት

ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ለገጣፎ፣ ከወንዙ ማዶ፣
መብራት እንደ ቀላዋጭ እንግዳ ብቅ ብሎ፣ መልሶ ሄዶ፣
በወተት መሰብሰቢያው፣ በቆርቆሮው ጓዳ
ጉልበቴ ላይ ላፕቶፕ፣ ትከሻዬ ላይ ዕዳ።

ዕዳው የኔ ነበር፤ የከፈለችው ግን ሌንሴ።
ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ ሊትር ወተት ረጋ።
ሹፌሩ "ማቀዝቀዣው ሞቆ ነው" አለ፣
"አልሞቀም" አለች። "መዝገቡ ይናገር" ተባለ።
ተከፈተ መዝገቡ፤
ከምሽቱ ሁለት እስከ አምስት ባዶ።
ሦስት ሰዓት ሙሉ አፉን የዘጋ ምስክር፣
እኔው የሠራሁት፣ "አይዋሽ" ያልኩለት፣ "አይሰክር"።

ለማያውቀው፣ ፍላሽ የድሮ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው፤
አንዲት ፊደል ልታርም ብለህ ሙሉውን የምታጠፋው።
መጻፉ ቀላል ነው፤ ዳስተሩ ነው ቀኑን የሚበላው።
ደግሞም ሰሌዳው ሥጋ ነው፤ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፣
አንድ ቀን ከነጭራሹ የጻፉበትን ይረሳል።

የኔ ፕሮግራም፣ የዋሁ፣ በየሰከንዱ ይነቃል፣
ፋይል ይከፍታል፣ "አራት ነጥብ ሁለት" ይላል፣ ይዘጋል፣ ይፍቃል፣
ደግሞ ይከፍታል፤
አንዲት ስኒ ወተት ይዞ ከጣፎ እስከ መገናኛ እንደሚሳፈር፣
ተመልሶም ሁለተኛዋን ስኒ ሊቀዳ እንደሚዳክር።
በዚያ መሃል ሙቀት መለኪያው ተናገረ፤ የሰማው የለም፤
ቺፑ ፍቆ አልጨረሰም።
በዚያ መሃል መብራት ሄደ።
የነበረው ተፋቀ፤ የመጣው አልተጻፈም።

ሌንሴ በስልኳ ባትሪ፣ ሽፋኑ በተላጠ ደብተር
የማታውን ወተት ትመዘግባለች፣ በጣሳ በጣሳ፣ በሊትር።
"የበዳኔ ሚስት፣ ስድስት።" ተሳሳተች፤ ሰባት ነው።
አልፋቀችም። ሰረዝ ሳበችበት፣
ከታች ባለው ባዶ መስመር "ሰባት" ብላ አለፈች።
"ላጲስ የለሽም?" አልኳት።
"ላጲስ ወረቀት ይበላል። ደግሞስ ማን ጊዜ አለው፣
ሰዉ ተሰልፎ! ዝናብ ሲይዘኝ፣ ሰው ሲጠፋ፣
ያኔ ነው የምገለብጠው፤
የቆመውን ይዤ፣ የተሰረዘውን ጥዬ፣ ወደ አዲስ ገጽ።"

እጄ ቆመ።
ስንት ዓመት ተማርኩ እኔ?

ያን ሌሊት እንዲህ ጣፍኩ፦
ቁጥሮች መጀመሪያ በጣሳ ይጠራቀሙ፣
ገጽ ሲሞላ ብቻ፣ ባንድ ጉዞ፣ ይታተሙ።
ስህተት በቦታው አይታረም፤ ከፊት ባለው ባዶ ይጻፍ፣
አሮጌው ሰረዝ ይሳብበት፣ ቀኑ ሲደርስ ይራገፍ።
ፍቆ ማጽዳት ለንጋት ይቆይ፣ ሞተሩ ዝም ሲል።
የፊተኛው ሰሌዳ ብቻ ለምንድነው የሚቆስል?
ተራ ይዙር፣ እንደ ዕድር ድንኳን ተካዮች።

ፈጠነ። አሥር እጥፍ ፈጠነ፣ ደስ አለኝ፣ ደግሞ ፈራሁ፤
ፍጥነት ብድር ነውና። ጣሳውን የያዘው የመብራት እጅ ነው፣
እጁ ሲዝል ይደፋል።
ከቦርሳዬ አንዲት ካፓሲተር አወጣሁ፣ ባቄላ የምታህል፤
የሁለት ሰከንድ ትንፋሽ። ዕድሜ አይደለችም፣
ለኑዛዜ ግን ታደርሳለች።

ሊነጋጋ ሲል መብራቱ ሄደ።
ሌንሴና እኔ በጨለማው፣ አንዳችን ሳንተነፍስ።
አረንጓዴዋ ነጥብ ሁለቴ ጠቀሰች፣ ሞተች።
ሲመለስ ከፈትኩት፤ የመጨረሻው ቁጥር አለ፣
ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ አንድም አልጎደለ።

"ተጣፈ?" አለችኝ።
"ተጣፈ።"
እንደ ደብዳቤ ነው ያለችው፣ ወይስ እንደ ተቀደደ ጋቢ?
አልጠየቅኳት። የቱም ልክ ነው።
ብቻ ያቺ፣ ከሁለት እስከ አምስት፣ ጠፋች እንጂ አትጣፍም፤
ሁለት መቶ ሊትሩ በደብተሯ አለ፣
ሰረዝ አልተሳበበትም።